ራቁቱን የከረመው መስታወት

ጥቅምት 12

እትዬ፣

የላክሽው ሾፌር ደብዳቤሽንም የመስታወቱ ልኬት የተመዘገበባትን ሚሞሪም አድርሶልኛል። ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር በስንት ጨርቅ ነው የጠቀለልሻት? ፈትቼ እስክጨርስ አብረውኝ የሚሠሩት ከበውኝ ይስቁ ነበር። ይሳቁ። ሰላምታዬ በመጀመሪያ ለአንቺ፣ ቀጥሎ ለወንድሜ፣ ከተረፈ ደግሞ ለስፌት መኪናሽ ይድረስልኝ።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ አንቺ ዘንድ የተውኩት የፀሐይ መስታወት መርዝ አለበት። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ስስ ቅብ ውስጥ እርሳስ አለ። ካልተሰበረ ማንንም አይጎዳም። ከተሰበረ ግን በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው፤ ጓንት አድርገሽ ስብርባሪውን በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከድነሽ አስቀምጪልኝ። ይህን ሳልነግርሽ ጣራሽ ላይ አልሰቀልኩትም። አንቺ ዝም ብለሽ ስትሰሚ የሰማሽ አትመስይም እንጂ።

ውስጡ ያለው ምንድን ነው ላልሽው ደግሞ፣ ስሙ ፔሮቭስካይት ይባላል። ከእርሳስና ከአዮዲን የሚሠራ ክሪስታል ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ዶክተሩ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ የሚወደው ዓይነት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ግን እርጥበት ካገኘው ቶሎ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። የኔው ድርብርብ ነው። ክሪስታሉ እንደ ወረቀት በስሱ ይነጠፍና በየንጣፉ መሃል ቅባትነት ያለው ነገር ይገባበታል፤ አንቺ ሸራውን ሰም እንደምታጠጪው ማለት ነው። ውሃ በቀላሉ አይደፍረውም። ችግሩ፣ ኤሌክትሪኩም በቅባቱ መሃል ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ንጣፎቹ መተኛት የለባቸውም፤ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ዕድሜዬን የምፈጀው እነሱን በማቆም ነው።

ቁም ነገሩ ይኸውልሽ። ሚሞሪዋ እንደምትለው መስታወታችን ክረምቱን ሳይደክም አልፏል። ዶክተሩ የድርብርቡን ሥራ ሊዘጋው ነበር፤ "ኃይሉ ትንሽ፣ ጉራው ብዙ" ይለዋል። ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ብሎ የሚወስን ኮሚቴ አለ። ውጤቱን አስገብቻለሁ። አሁን እስቲ ይዝጉት።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ አቧራውን በምን ነበር የምትጠርጊው? ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ።

ጥያቄ


ኅዳር 4

ለእህቴ ለጥያቄ፣

እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽም ደህና ነው፤ ይቆጣል፣ ይበላል። ሥራ ሞልቷል። የጭነት መኪና ሸራ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ከክፍል ክፍል የምንሄደው በጉልበታችን ነው። ስልክ ያልደወልኩት ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ላይ አፌ ይያዛል። ወረቀት ላይ እሻላለሁ።

ይህን ስም ያወጣንልሽ በከንቱ አይደለም። አቧራውን እንዴት አደረግሽው ትያለሽ። አቧራ ብዙም አልነካውም፤ ልብስ አለዋ። አንቺ ሰቅለሽው እንደሄድሽ ልኬቱን ወስጄ ከወፍራም ሸራ ሰፋሁለት፤ ማዕዘኖቹን ድርብ አድርጌ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቼ። ደመናው ሲጠቁር ወጥቼ አለብሰዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ አወልቅለታለሁ። በበጋም ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ጥቂት ይረፍ ብዬ አለብሰዋለሁ። ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ሙቀት ለመሣሪያ ደግ እንዳልሆነ አንብቤ ነበር። ክረምቱን በሙሉ አንዲት ጠብታ አላስነካሁትም።

ጎረቤቱ "ለመስታወት ካፖርት የሰፋችው" ይለኛል። ወንድምሽ ደግሞ ሹራብም ጨምሪለት አለኝ። እኔ ግን አደራ በልቼ አላውቅም።

ስለዚህ ኮሚቴውን አትፍሪ። ለሚመጣውም ክረምት እንዲሁ እጠብቀዋለሁ።

እህትሽ


ኅዳር 23

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። አልተቆጣሁም። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ የማን እህት እንዲህ ታደርጋለች ብዬ። ከዚያ ሳቁ ሄደ።

ፈተናው እኮ ዝናቡ ነበር። እንዲመታው ነበር የሰቀልኩት። ስሄድ "አደራ" ብቻ ብዬሽ ሄድኩ፤ አደራ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ። ሚሞሪዋ ላይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ኃይሉ ዜሮ ይላል፤ ከባድ ደመና ነው ብዬ አለፍኩት፤ የቀትሩንም ዜሮ መለኪያው ሞቆ ነው ብዬ። የቀትሩ ማረፍ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ ነገር ብርሃን ሲያደክመው ጨለማ ውስጥ ካረፈ መልሶ የማገገም ጠባይ አለው። አንቺ በየቀኑ ታስታምሚው ነበር። ስለዚህ የኔ ክሪስታል ውሃ ይችል አይችል እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ የአንቺ ሸራ እንደሚችል ግን ተረጋግጧል።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ሊዘጋው የነበረውን ሥራ ውጤቱ ሲያምር ጊዜ ስሙን ከኔ ስም በፊት አስገብቶበት ነበር። ሰማኝና፣ "ጨርቁን ያየ ሰው አለ? የለም። እንግዲህ ጨርቅ የለም" አለኝ።

የኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ሄጄ ያስገባሁትን ውጤት በገዛ እጄ መልሼ ሳብኩት። ምክንያቱንም ጻፍኩ፤ ሸራውን፣ ላስቲኩን፣ የቀትሩን እረፍት፣ ሁሉንም። ጸሐፊዋ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት፤ የጻፍኩትን መልሼም አላነበብኩት።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ልብሱን አውልቂለትና ዳግመኛ አታልብሺው። ዝናብም ይምታው፣ ፀሐይም ይጥበሰው፣ አንቺ ብቻ አትንኪው። ከሞተም ይሙት። አልተቆጣሁም።

ጥያቄ


ታኅሣሥ 17

ለእህቴ፣

"አልተቆጣሁም" ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሻል። አንዴ ብትጽፊው አምንሽ ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አልደጋግመውም። አንቺም ስለማመጥ አትወጂም። ግን ይህን ልንገርሽ። ያልነገርሽኝን ላውቅ አልችልም። ሌላ ጊዜ እንዲሰቃይ የምትፈልጊውን ነገር ስትሰጪኝ እንዲሰቃይ ነው በይኝ። እንዳይሰቃይ አድርጌ መያዝ ያለ ትምህርት የማውቀው ነው።

ወንድምሽ ለምን አውርጂው አውርጂው ይላል ብለሽ በክረምቱ ደብዳቤሽ ጠይቀሽ ነበር፤ አልመለስኩልሽም። ባለፈው ክረምት ልብሱን ላለብስ ስወጣ መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቅሁ። የግራ እጄ ነው። አትደንግጪ፣ ድኗል፤ ወፍራም መርፌ ስገፋ ብቻ ይነግረኛል። ያን ጊዜ ሸራ ስንጠቀልል ተጋጨሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ይህ ነው። ወንድምሽ ከዚያ ወዲህ መስታወቱን በክፉ ዓይን ያየዋል። "የሳይንስ እህት አለችን፣ ሳይንሱ ግን የሚሰብረው የኛን አጥንት ነው" ይላል። እንግዲህ ራቁቱን ይደር ካልሽ እኔም ከመሰላል ዐረፍኩ።

ልብሱን አወለቅሁት። አልቀደድኩትም፤ ደህና ሸራ ነው። የወንድምሽ ብስክሌት ኮርቻ ልብስ ሆኗል።

ያ ዶክተር "ጨርቅ የለም" ያለውን ለወንድምሽ አነበብኩለት። "ኧረ ልብስሽንም አላየሁም ይልሻል ይሄ" አለ።

ስለ ሥራሽ ምንም አልጻፍሽም። ሥራሽ ላይ ነሽ?

እህትሽ


ግንቦት 9

እትዬ፣

በሦስት ደብዳቤ ጠይቀሽኝ በሦስቱም ዘለልኩት። እሺ፤ ጠረጴዛዬን ወስደውብኛል። አየር እንዳይነካው እጃችንን በጓንት አስገብተን የምንሠራበት የመስታወት ሳጥን ነበረኝ፤ እሱንም ለሌላ ሰጥተውታል። አልተባረርኩም። የሌሎችን ዕቃ እያጠብኩ የሌሎችን መለኪያ አነባለሁ። ያልነገርኩሽ እጅሽን ስለደበቅሽኝ ነው። አሁን ተካካስን።

ዶክተሩ ሌላ በር ከፍቶልኛል። ይኸው ድርብርብ ነገር ብርሃን ሲሰጡት ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ብርሃን ያወጣል፤ ቀዩም አረንጓዴውም ዓይን ይይዛል። ከኛ ፎቅ በላይ ለስልክ ስክሪን የሚሆን መብራት ከሱ የሚሠሩ አሉ። "ወደ እነሱ ሂጂ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ዝናብ አይዘንብም" አለኝ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ክፍሉም ንጹሕ ነው። ግን አሁን ብሄድ ሸሸች ይሉኛል። ይበሉኝ ግዴለም፤ የኔ ክሪስታል ውሃ ይችል አይችል ሳላውቅ መቅረቴ ነው የማይዋጥልኝ። አልሄድም አልኩት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግ ሴት አይደለችም፤ ትክክለኛ ሴት ናት። ውጤቷን ራሷ የሳበች ሰው አንድ ክረምት ይገባታል ብላ አስወስናለች። መስታወቱ ከክረምቱ መግቢያ እስከ መውጫው ከጣራሽ ሳይወርድ፣ ሳይሸፈን መቆየት አለበት። አንድ ቀን ከወረደ ፈተናው ፈረሰ፣ የድርብርቡም ሥራ አብሮ ተዘጋ። ሾፌሩ ትንሽ ካሜራ ያመጣልሻል፤ ከጎኑ ስቀይው። ስላላመኑሽ ነው ልበልሽ? አዎ፣ አላመኑሽም። ልዋሽሽ አልወድም።

ዶክተሩ መስታወቱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ ይመለስ እያለ ነው። በሰው ጣራ ላይ ቢሞት ስሙ አብሮ የሚነሳ መስሎታል። ሰው ሊልክ ይችላል። ምን እንደምትይው አላውቅም፤ አንቺ ከሰው ጋር መከራከር እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። ብቻ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ጥያቄ


ነሐሴ 14

ለእህቴ፣

ካሜራው ተሰቅሏል። ላለመታመን እንዲህ ትንሽ ዓይን መብቃቷ ገረመኝ። አንዳንዴ ስወጣ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች።

ዝናቡ ዘንድሮ ቀልድ አያውቅም። በረዶም ጥሏል። ያን ቀን ቆርቆሮው ሲጮኽ ሸራውን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወንድምሽ ብስክሌቱን ሊያስገባ ወጥቶ የኮርቻውን ልብስ አውልቆ በእጁ ይዞ ወደ ጣራው ያያል። እሱ ነው እንግዲህ፣ አውርጂው ሲል የከረመው። "ላልብሰው?" አለኝ። "ተወው፣ ይምታው" አልኩት። አፌ ይህን ሲል ሆዴ ሌላ ይል ነበር።

መስታወቱ አልተሰበረም። ግን የማይደበቅ ነገር አለ፤ ሽቦው በሚወጣበት ጥግ ቢጫ ጀምሮታል። መጀመሪያ የሸራ መርፌ ጫፍ ያህል ነበር። አሁን መዳፍ ያህላል። መሃሉ እንደ ድሮው ጥቁር ቀይ ነው። ይህን ልጻፍልሽ ወይስ አልጻፍልሽ እያልኩ ቆየሁ። ከዚህ በፊት ደብቄሽ ምን እንደመጣ አስታወስኩና ጻፍኩት።

ዶክተሩ ሊልክ ይችላል ያልሽው ሰውም መጣ። በዝናብ፣ በተወለወለ ጫማ። ወረቀት አወጣ፤ ንብረታችን ነው፣ ልወስደው ነው አለ። ግባና ተጠለል አልኩት፤ ገባ። ሸራው መሬት ላይ ስለነበር ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። ካልሲው ላይ ቀዳዳ አለ፤ እሱን ሳይ አፌ ተፈታልኝ መሰለኝ።

"ንብረታችሁ ነው፣ አልካድኩም" አልኩት። "አሁን ግን ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ና።"

"እመቤቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የማደርገው" አለ።

"እኔም" አልኩት።

ክፉ ሰው አይደለም። መሄጃ ቢያጣ ወደ ወንድምሽ ዞሮ ወንድ ለወንድ እንነጋገር የሚል ፊት አሳየው፤ መሰላል እንዲሰጠው ለመነው። እኔ አበቃልኝ ብዬ ነበር። ወንድምሽ አገጩን ሲያክ ቆየና፣ "ጣራው የሷ ነው። መስታወቱ የናንተ ነው። መሰላሉ ግን የኔ ነው፣ እኔ ደግሞ መሰላል አላውስም" አለው።

ሰውየው ጫማውን አድርጎ ሄደ። ወንድምሽ መሰላሉን ወደ ውስጥ አስገብቶ አልጋው አጠገብ አጋደመው። እስካሁን እዚያው ነው፤ በተነሳ ቁጥር እግሩን ይመታዋል፤ እኔን ይረግማል።

መስታወቱ ጣራው ላይ ነው። ቢጫውም እንዲሁ። አንቺ እዚያ ያለውን አጥብቀሽ ያዢ።

እህትሽ


መስከረም 29

እትዬ፣

ሚሞሪዋንም የካሜራዋንም ሥዕል አስገብቼ፣ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ውጤቱን ልንገርሽ። ክረምቱ ሲገባ ከነበረው ኃይሉ የቀረው ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ያው ነው። በሪፖርቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፍኩት፤ ማንም ፈልጎ እንዳያገኝብኝ።

ሰብሳቢዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ "ያኛው ውጤት ይሻል ነበር። ይህን ለምን አመጣሽው?" አለችኝ።

"ያኛው የእህቴ ሸራ ውጤት ነው" አልኳት። "ይህ የክሪስታሉ ነው።"

ጥግ ላይ ያለ አንዱ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። ግማሹ ሞቷል እኮ አለ። የቀረው ግማሽ በምን እንደተረፈ ለመነጋገር ነው የመጣሁት አልኩት፤ ቢጫው የጀመረው ከሽቦው መውጫ እንደሆነ፣ ውሃ የገባው በማሸጊያው ይሁን በክሪስታሉ ለመለየት ጥጉን ቆርጦ ማየት እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። በማሸጊያው ነው ብዬ አልማልኩም። አላውቅማ። እሱ አሁንም ግማሹ ሞቷል ሲል፣ "የእርስዎ ዓይነት ክረምቱን የት ነው ያሳለፈው?" አልኩት። መሳቢያ ውስጥ እንደነበር ክፍሉ ሙሉ ያውቃል። 

ውሳኔው እንደምትመኚልኝ አይደለም። ጠረጴዛዬን አልመለሱልኝም። አዲስ ዕቃ አይገዛም። ሥራው ግን አልተዘጋም፤ በመደርደሪያው ላይ የቀረውን፣ ክሪስታሉ የሚሠራበትን ዱቄት ተጠቅሜ፣ ማሸጊያውን ቀይሬ፣ አንድ ክረምት ልጨምር ተፈቅዶልኛል። ቦታዬ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም፣ በሩም በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ከላይ ያሉት የመብራት ሰዎች አሁንም ነይ ይሉኛል። ዛሬ ጠዋት በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

ሰውየው ተመልሶ ከመጣ አሁን ስጪው፤ ያንን ጥግ ቆርጬ የማየው ራሴ ነኝ። ጓንትሽን አትርሺ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን መልሺልኝ። እጅሽን ጎድቼብሻለሁ፣ ጣራሽን ወስጄብሻለሁ፣ ሰው አስቄብሻለሁ። አይበቃሽም?

ጥያቄ


ጥቅምት 21

ለእህቴ ለጥያቄ፣

ሰውየው መጥቶ ወስዶታል። በዚህ ጊዜ ሌላ ካልሲ አድርጎ ነበር። ወንድምሽ መሰላሉን ሳይለመን አወጣለት፤ መስታወቱንም ጓንት አድርጎ ራሱ አወረደው፤ እኔን ከሥር "አትቅረቢ" እያለ። ከዚያ ጣራው ላይ ባዶ የቀረውን ብረት ሲያይ ቆየና ዝገት ይዞታል አለ። በማግስቱ ቀለም ቀብቶት አገኘሁት። ምነው ብለው፣ ብረት አይባክንም ነው ያለኝ።

አይበቃሽም ወይ ላልሽው፣ ጎረቤቱ ቀድሞሽ ጠይቆኛል። በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ እንግዲህ ያ መስታወት ተበላሽቶ ሄደ አይደል፣ ተገላገልሽ አለኝ። ሌላ እንደሚመጣ ነገርኩት። እሱም ተበላሽቶ ያንን ሁሉ ዝናብ በከንቱ ሊችል ነው አለኝ። እኔ ከሰው ጋር አልከራከርም፤ ታውቂያለሽ። መርፌዬን አስቀምጬ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

"ሊበላሽ ይችላል" አልኩት። "እሱን ለማየት ነው የምንሰቅለው።"

ብረቱ ቀለሙ ደርቋል። መስታወቱን ላኪው።

እህትሽ